የሚያብረቀርቀው ጠገራ ወይስ የጠቆረው?

ከባቲ የሰኞ ገበያ የተመለሰ ወዳጅ ሁሉ ስልኩን ከፍቶ የጠገራ ፎቶ ያሳየኛል፤ ጠገራ የምንለው የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን፣ ማርትሬዛ የሚባለውን የብር ሳንቲም ነው። «ይህኛው ለሰብሳቢ ተብሎ የተሠራ ነው አሉኝ፤ ልግዛው?» መልሴ አንድ ነው፤ የጠቆረውን ግዙ።

ደሴ ላይ አንድ ነጋዴ ሁለት ማርትሬዛ አቀረበልኝ። የጠቆረውን 5,000 ብር፣ መስታወት የመሰለውን 9,000 ብር አለኝ። 9,000 ከፈልኩ። ቤት ገብቼ በመስኮት ብርሃን ሳዘነብለው የንግሥቲቱ ጉንጭና ፀጉር ከዙሪያው ባዶ ሜዳ ጋር እኩል ያበራሉ። በፊደሎቹ መካከል ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች በአንድ አቅጣጫ ይሮጣሉ። በማጽጃ ዱቄት የተፈተገ ተራ ጠገራ ነበር። 4,000 ብር የጨመርኩት ለፈተጋው ነው፤ ይባስ ብሎ የተፈተገን ጠገራ ሰብሳቢ ከጠቆረው ባነሰ ዋጋ ነው የሚጠይቀው።

እውነተኛው የሰብሳቢ ጠገራ፣ ፕሩፍ የሚሉት፣ አለ። ቪየና ያለው የኦስትሪያ ሳንቲም መቅረጫ ዛሬም ይሠራዋል። ምስሉን የሚያትመው ማህተምም ገና ያልተመታው ባዶ ብርም አስቀድሞ ይወለወላል፤ ከአንድ ጊዜ በላይም ይመታል። ስለዚህ ሜዳው ፊት የሚያሳይ መስታወት ሲሆን ምስሉ ግን ደላንታ ላይ ማለዳ ሣሩን እንደሚሸፍነው አመዳይ ነጣ ብሎ ይደበዝዛል። ሁለቱ ካልተለያዩ ፕሩፍነቱን ተጠራጠሩ። እንዲህ ያለው ሳንቲም ጣት እንዳይነካው በመያዣው ውስጥ ይቀመጣል፤ ከኪስ ወይም ከጨርቅ ቋጠሮ ለሚወጣ «ፕሩፍ» አንድ ብር አትጨምሩ።

«ዓመቱን እየው፣ 1780 ይላል» ቢሏችሁም አትደነቁ። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዟል።

ዋጋውን ራሳችሁ አስሉት። አንድ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ስለሆነ 23.4 ግራም ገደማ ይወጣዋል። የዕለቱን የአንድ ግራም ብር ዋጋ ጠይቁና አባዙ። የሚያብረቀርቀውም የጠቆረውም የያዙት ብር ያው ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚጠየቀው ሻጩ ምክንያት ይስጥ።

ከሁሉ የከፋው በብር የተለበጠው ቅጂ ነው። ማግኔት ከሳበው ወዲያው ተዉት፤ ካልሳበው ግን ገና አላለፈም፣ ናስም አይሳብምና። አንጥረኛ ዘንድ አስመዝኑት። ከዚያ ጠርዙን በጥፍራችሁ ዳብሱ፤ የላቲኑ ጽሑፍ ዙሪያውን ጥርት ብሎ መገኘት አለበት። በቀለጠ ብረት የተገለበጠው ላይ ፊደሎቹም የትከሻዋ ጌጥ ነጠብጣቦችም ሟሙተው ይታያሉ። ከአንገት ጌጥ የወረደና ማንጠልጠያ የተበየደበት ከሆነ ከብሩ ዋጋ አትለፉ።

የጠቆረውን ከገዛችሁ በኋላ በሎሚም በአመድም አትሹት። በፊደሎቹ ጥግ የተቀመጠውን ጥቁረት ነው አዋቂ ገዢ መጀመሪያ የሚፈልገው።