«ያልታመሙትስ?»፦ ላሰለጠኑኝ ሲስተር ምስጋና፣ ለአዲስ ተመራቂዎች ጥቆማ

ይህን ልጽፍ መሆኑን ስነግራቸው «ስሜን ብታወጣ እንጣላለን» ስላሉኝ ስማቸውን አልጠቅስም። ቢሮ ውስጥ ከኃላፊው እስከ ጥበቃው ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። በነርስነት ጀምረው ከ20 ዓመት በላይ በአካባቢ ጤና ጽህፈት ቤት በበሽታ ቅኝት ላይ የሠሩ፣ አሁን ደግሞ በህብረተሰብ ጤና የተመረቁ ልጆችን እየተቀበሉ ለአንድ ዓመት ሥራ ላይ የሚያሰለጥኑ ሴት ናቸው። እኔ ባለፈው ዙር ከጨረሱት አንዱ ነኝ። የራሴን ወንበር ካገኘሁ 3 ወር ሆኖኛል። ምስጋናዬ የዘገየው «መጀመሪያ ሥራው ላይ ቆይ፣ ከዚያ ታመሰግናለህ ወይ ትረግመኛለህ» ስላሉኝ ነው።

ስመረቅ ውጤቴ ጥሩ ነበር። የናሙና መጠን አሰላለሁ፣ ሪግሬሽን እሠራለሁ፣ ፒ ቫልዩ አነባለሁ። የማልችለው ስልክ መደወል ነበር። ቀልድ አይደለም። ዓመታት ሙሉ ስለ በሽተኞች ስማር አንድም በሽተኛ አነጋግሬ አላውቅም፤ የማውቀው ቁጥራቸውን ነው።

በስልጠናው ሁለተኛ ሳምንት አንድ የላብራቶሪ ውጤት መጣና ለአንዲት ወጣት እንድደውል ታዘዝኩ። ስልኩ ተነሳ፣ የሴት ድምፅ ነው፣ «ከጤና ጽህፈት ቤት ነው፤ ስለ ምርመራ ውጤትሽ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። ያነሳችው እህቷ ኖራለች። «የምን ምርመራ?» ስትለኝ ምላሴ ታሰረ። ሲስተር ከጎን ጠረጴዛ ሆነው ሰምተዋል። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡና «አሁን ለራሷ ደውለህ ያደረግኸውን ትነግራታለህ፣ ይቅርታ ትጠይቃታለህ። ከዚያ ለኃላፊው በጽሁፍ ታሳውቃለህ። እኔ አልጽፍልህም» አሉኝ። ደወልኩ። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አደዋወል እንደ ፊደል አስቆጠሩኝ። ስልኩ ሲነሳ የራስህን ስም ብቻ ተናገር። ሙሉ ስማቸውንና የትውልድ ዓመታቸውን እነሱ ይንገሩህ እንጂ አንተ አንብበህ «ልክ ነው?» አትበል። ብቻቸውን መሆናቸውንና ለመነጋገር እንደሚመቻቸው ጠይቅ። «ጤና ጽህፈት ቤት» የሚለው ቃል ከአፍህ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዛሬ በቀን እስከ 15 ሰው አነጋግራለሁ፣ ይህ ቅደም ተከተል ያልጠቀመኝ ቀን የለም።

ሰውን የሚያሰለጥኑት ግን በመመሪያ ሳይሆን በጥያቄ ነው። ያውም በአንድ ዓይነት ጥያቄ፦ ፊት ለፊትህ ስላለው ሳይሆን ስለሌለው ይጠይቁሃል።

ለምሳሌ የክትባት ፍሪጁ። ጠዋት መጀመሪያ የምንሠራው ሥራ ቴርሞሜትሩን ማንበብ ነው። አንድ ቀን «ስንት ይላል?» አሉኝ።

«4 ዲግሪ።»

«አሁን 4 ነው። ሌሊትስ?»

መሣሪያው የሌሊቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ እንደሚመዘግብ አውቃለሁ፣ ቁልፉን ተጭኜ አላየሁም እንጂ። ስጫን ዝቅተኛው ከዜሮ በታች 2 ይላል። ክትባት መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ነው፤ ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ነው። እኔን ጨምሮ ብዙ ተመራቂ የሚፈራው ሙቀትን ብቻ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትና የዲፍቴሪያ፣ ትክትክና ቴታነሱ ግን አንዴ በረዶ ከሆኑ ጉልበታቸውን ያጣሉ፣ ቢሟሟም አይመለስም። ብልቃጡ ላይ ሙቀት ሲያገኘው የሚጠቁር ምልክት አለ፤ «ምልክቱ እኮ ደህና ነው» ብዬ ተከራከርኩ። ውስጠኛው አራት ማዕዘን ከዙሪያው ክብ ፈካ ያለ ስለነበር ነው። «እሱ የሚነግርህ ያገኘውን ሙቀት ነው። ስለ በረዶ አፍ የለውም» አሉኝ።

ከዚያ የተጠራጠርነውን ብልቃጥ ሆን ተብሎ በረዶ ተደርጎ ከተሟሟ ሌላ ብልቃጥ ጋር በአንድ እጄ አስይዘው አስነቀነቁኝ፤ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አቁመን አፈጠጥን። በረዶ የሆነው ውስጥ ደለሉ እንደ ጥጥ ብጥስጣሽ ሆኖ ቶሎ ወረደ። የተጠረጠረውም እኩል ከጎኑ ወረደ፤ እሱም በረዶ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ያን ጠዋት የጣልነውን ብልቃጥ አንድ በአንድ እንድቆጥር፣ ቁጥሩን በእጄ ጽሑፍ እንድመዘግብና እንድፈርም አደረጉ። የኔ ጥፋት አልነበረም፣ የፍሪጁ መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ነው። ቢሆንም ፈረምኩ።

ሌላው ባዶው ሳጥን ነው። ከጤና ተቋማት በየሳምንቱ የሚመጣውን ሪፖርት ኤክሴል ላይ ስሞላ የአንዱ ጣቢያ የኩፍኝ ሳጥን ባዶ ሆኖ አገኘሁና ዜሮ ጻፍኩበት። «ማን ነገረህ?» አሉ ሲስተር። ማንም አልነገረኝም። ዜሮ ማለት ፈልገን አጣን ማለት ነው፤ ባዶ ማለት ማንም አልፈለገም ማለት ሊሆን ይችላል። ደውዬ ሳጣራ ሪፖርት የምትልከው ባለሙያ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፣ ለ3 ሳምንት የቆጠረ ሰው የለም። ኩፍኝ ደግሞ ክትባት በሌላቸው ሰዎች መሀል አንዱ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ የሚችል በሽታ ነው። 3 ሳምንት ዓይን ጨፍኖ የሚቆይበት ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልምጣ፤ ስለ እሳቸው ለሰው ስናገር ሁሌ የምነግረው ይኸኛውን ነው።

በ5ኛው ወር ከአንድ ስብሰባ ምሳ በኋላ ሰዎች እያስመለሳቸው ነው የሚል ስልክ ደረሰን። ተረኛ ነበርኩ። መጠይቄን ይዤ በረርኩ። ወደ ጤና ተቋም የሄዱትን 19 ሰዎች አንድ በአንድ አነጋገርኩ፣ ምን እንደበሉና ስንት ሰዓት እንደጀመራቸው ላይን ሊስት (እያንዳንዱ ታማሚ በአንድ መስመር የሚሰፍርበት ዝርዝር) ሠራሁ። 18ቱ ዶሮ በልተዋል። ማታ እየተንጠራራሁ ለሲስተር «ዶሮው ነው» አልኳቸው። ተጠያቂው ተገኝቷል፣ ነገ ሪፖርት እጽፋለሁ።

ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ያልታመሙትስ?» አሉ።

«ያልታመሙትን ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«የበሉትን።»

በማግስቱ ከተሳታፊዎች ስም ዝርዝር ጤነኞቹን ፈልጌ ስደውል ዋልኩ። ግማሾቹ «እኔ እኮ ምንም አልሆንኩም፣ ምን አስደወለህ?» እያሉ ይስቁብኛል። ሲጠናቀቅ ያልታመሙትም ከሞላ ጎደል ሁሉም ዶሮ በልተዋል። ዶሮ ያልበላ ሰው በግብዣው አልነበረም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ዶሮው የሚለየው ነገር የለም። የለየው ድንች ሰላጣው ነው። ከታመሙት ብዙዎቹ በልተውታል፣ ካልታመሙት የበላው ጥቂት ነው። የታመሙና ያልታመሙ፣ የበሉና ያልበሉ የሚለውን ባለ አራት ሳጥን ሠንጠረዥ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ መሰላችሁ! አራቱ ሳጥኖች ግን ተሞልተው ነበር የሚሰጡን። የጤነኞቹን ሁለት ሳጥን ሄዶ የሚሞላው ሰው እኔ መሆኔን ማንም አልነገረኝም።

ቀጥሎ ሰዓቱ። አብዛኞቹ ምሳ ከበሉ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ያስመለሳቸው፣ ትኩሳት ያለው እምብዛም አልነበረም። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከተበላ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚጀምረው፣ ቀናትም ሊወስድ ይችላል። ኖሮቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይፈልጋል። እንዲህ የሚፈጥነው ምግቡ ላይ አስቀድሞ የተፈጠረ መርዝ ሲኖር ነው፤ በተለይ የስታፊሎኮከስ። ይህ ተህዋስ ብዙ ጤነኛ ሰው ቆዳና አፍንጫ ላይ ይኖራል፣ ቁስል ላይ ደግሞ ይበዛል። መርዙ ሙቀት ስለሚችል ምግቡን መልሶ ማሞቅ አያድንም።

ወጥ ቤቱ ስንደርስ ሰላጣውን የሠራችው ሴት አስቀድማ ማልቀስ ጀምራለች። እኔ መጠይቄን አውጥቼ «እጅሽን ታጥበሽ ነበር?» ልል አፌን ስከፍት ሲስተር ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። በርጩማ ስበው ተቀመጡና «እህቴ፣ የዛን ዕለት ጠዋት ስትገቢ መጀመሪያ ምን ሠራሽ?» አሏት። እሷም ከበሩ ጀምራ ነገረቻቸው። ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን እንደቆረጣት፣ በጨርቅ ጠቅልላ እንደቀጠለች፣ ፍሪጁ በመጠጥ ስለተሞላ ሰላጣው ከጠዋት እስከ ምሳ ጠረጴዛ ላይ እንደዋለ። አንድም ጊዜ «ለምን» አላሏትም። «ከዚያስ?» ብቻ ነው የሚሉት። እኔ ባሰብኩት መንገድ ብጠይቃት «አዎ ታጥቤያለሁ» ብላኝ ነበር፣ እኔም ጽፌ እሄድ ነበር።

ከሰላጣው የተረፈው ተጥሎ ስለነበር ለላብራቶሪ የሚላክ ናሙና አላገኘንም። ሪፖርቴ ላይ «ምክንያቱ ድንች ሰላጣው ነው» ብዬ ጽፌ ነበር፤ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «ሳይሆን አይቀርም» አደረጉት። ስለ ሴትየዋ የጻፍኩትንም አንድ አረፍተ ነገር ሰረዙት። በምትኩ የገባው ምክር ለድርጅቱ ነው፦ ተጨማሪ ፍሪጅ፣ የቆሰለ እጅ ያለው ሰው ምግብ እንዳይነካ፣ ሠራተኛም ይህን ሲያሳውቅ ደመወዙ እንዳይቆረጥ። የመጨረሻዋ ለኔ አልታየችኝም ነበር። ደመወዝ የሚቆረጥበት ሰው ቁስሉን ይደብቃላ!

መኪና ውስጥ ስንመለስ የጆን ስኖውን ታሪክ አነሱ፤ የኮሌራ ሟቾችን ካርታ ላይ በነጥብ አስፍሮ መነሻው የውኃ ፓምፕ መሆኑን ያሳየውን እንግሊዛዊ ሐኪም። ይህን የ1854ቱን የለንደን ኮሌራ፣ የብሮድ ስትሪቱን የውኃ ፓምፕና ካርታውን ያልተማረ የጤና ተማሪ የለም። እሳቸው ግን ስለ ሟቾቹ ነጥቦች አያወሩም። ከፓምፑ አጠገብ 535 ድሆች የሚኖሩበት መጠለያ ነበር፤ ዙሪያው ሁሉ ሲያልቅ ከዚያ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው፣ የራሱ ጉድጓድ ነበረውና። እዚያው መንገድ ላይ ከ70 በላይ ሠራተኛ ያለው ቢራ ፋብሪካ ነበር፤ በኮሌራ የሞተ የለም፣ የሚጠጡት ቢራ ነው፣ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ አለው። «ሰውዬው ያልሞቱትን ባይጠይቅ ኖሮ» ይላሉ፣ አይጨርሱትም። የፓምፑ እጀታ ሲነቀል ወረርሽኙ ቀድሞ መቀነስ ጀምሮ እንደነበርም ይጨምራሉ፤ ስኖው ራሱ ያመነውን እኛ ለምን እንደብቃለን ባይ ናቸው።

ሥራ ላይ ማሰልጠን እሳቸው የፈጠሩት ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አሌክሳንደር ላንግሙር በ1951 የጀመረው የወረርሽኝ መርማሪዎች ስልጠና 2 ዓመት በሥራ ላይ ነው፤ አርማውም ሶሉ የተበሳ ጫማ ነው። በ1980 ታይላንድ ተመሳሳዩን ጀመረች፣ ከዚያ በየአገሩ ተስፋፋ። እነዚያ ግን በአብዛኛው ልምድ ላላቸው ባለሙያዎች ናቸው። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ ስልክ ሲደውል የሚያዳምጠው ሰው ነው ያጣው።

የሲስተር ስልጠና ጉድለት የለውም እንዳልል። አበሉ ትንሽ ነው፣ ይዘገያልም። ሲስተር ከኮምፒውተር ጋር አይዋደዱም፤ ዳሽቦርድ (መረጃውን በአንድ ገጽ የሚያሳይ የኮምፒውተር ሠንጠረዥ) ስሠራላቸው «አትመህ አምጣው» ነው መልሳቸው። የበጀት ጥያቄና የግዢ ሂደት የተማርነው በመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት ብቻ ነው፣ አሁን እያላበኝ ያለውም እሱ ነው። በአንድ ዙር ከ2 ሰልጣኝ በላይ አይቀበሉም፤ 4 እንዲሆን ብንለምናቸውም «አራት ስልክ በአንዴ አልሰማም» ብለው እምቢ አሉ።

አዲስ ተመራቂዎች፣ በሚቀጥለው ዙር እሳቸው ጋር ባትገቡ እንኳ ሌላ ቦታ ስትመርጡ የቀድሞ ሰልጣኞችን ፈልጋችሁ ጠይቁ፦ የመጀመሪያ ስልክህን ስትደውል አጠገብህ ማን ነበር? የጻፍከውን ረቂቅ አንብቦ የመለሰልህ ሰው አለ? ሌሊት ተረኛ ሆነሃል? ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ዓመቱን ከጨረሰ ልጅ ጋር ተዋውቄያለሁ፤ ሰርተፍኬቱ ከኔ ያምራል። የጤና ጽህፈት ቤት ኃላፊዎች ደግሞ፣ የአሁኑ ዙር 2 ልጆች ሊጨርሱ ነው፣ ሳይቀድሟችሁ ቅጠሯቸው።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሲስተርን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ሥራ እንደተገባ ግን አትደውሉላቸው፤ ፍሪጅ እያዩ ነው።