አዲሱ ስም የለሽ "600 ዋት" ወይስ ያገለገለው የብራንድ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ?

አዳማ ላይ በትንሽ ብር ጌሚንግ ፒሲ ለምትገጣጥሙ፣ ስም የለሹ ፓወር ሰፕላይ (ለፒሲው ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) አዲስ ነው ርካሽም ነው፣ ግን ካርቶኑን ተዉትና ጎኑ ላይ ያለውን ስቲከር እዩ፣ የ12 ቮልቱ መስመር 20 አምፒር ብቻ ከሆነ ለፕሮሰሰሩና ለግራፊክስ ካርዱ የሚደርሰው 240 ዋት ነው፣ ሌላው ወሬ ነው (ስቲከሩ ከተላጠማ ዝም ብላችሁ ውጡ)። ያገለገለው 450 ግን 36 አምፒር ካለው 432 ዋት ይሰጣል፣ 125 ዋት የሚበላውን ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ ከነፕሮሰሰሩ ዘና ብሎ ይሸከመዋል። ዋስትና የለውም፣ እሱ እውነት ነው፣ ስለዚህ እዛው ሱቁ ውስጥ ከባድ ጌም አስከፍታችሁ ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ፣ ፋኑም ከጮኸ ይቅርባችሁ። እኛ ጋ ደሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከፍ ዝቅ ስለሚል መከላከያ የሌለው ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። በጣም ካላረጀ እኔ ያገለገለውን ነው የምለው።