አምስት ቀን ያልጠቆረው የአቮካዶ ቅቤ

ቴሌግራም ላይ «የአቮካዶ ቅቤ» እየተባለ የሚሸጠውን አረንጓዴ ነገር ለማዘዝ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቆም በሉ። እኔ አልቆምኩም። ሁለት እቃ አዘዝኩ፣ አንዱ በ480 ብር። አንድ ልጅ በሞተር ይዞልኝ መጣ። ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበልኩት።

ፎቶው ያማልላል። ለሁለት የተከፈለ አቮካዶ፣ የተቆረሰ ትኩስ ዳቦ፣ ላዩ ላይ የሚቀልጥ አረንጓዴ ቅቤ። ከስሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ ለጾምም ለፍስክም የሚሆን፣ ከፍሪጅ ውጭ 6 ወር የሚቆይ።

አሁን ሳነበው በራሴ እስቃለሁ። ቅቤ ካለበት እንዴት የጾም ይሆናል? ከሌለበት ደግሞ ምኑ ነው ቅቤ የሚያሰኘው? ይህን ለመጠየቅ ሳይንስ መማር አያስፈልግም ነበር። አቮካዶ የሚለው ቃል ዓይኔን ሸፈነኝ መሰለኝ።

6 ወር የሚለው ግን ከሁሉም ይብሳል። አቮካዶ ቆርጦ ያስቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ውስጡ ያለው ኢንዛይም አየር ሲያገኝ ሥራውን ይጀምራል፤ መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ጥቁር ይሆናል። ጁስ ቤት ያዘዛችሁትን ስፕሪስ ረስታችሁ ወሬ ከያዛችሁ ላዩ መልኩን ሲቀይር አይታችኋል። ሎሚ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በዚያ ላይ አቮካዶ አብዛኛው ውሃ ነው። የገበታ ቅቤ ቢያንስ 80 በመቶ ስብ ነው፣ ውሃው ትንሽ ነው፣ ስለዚህም ይቆያል። እዚያ ላይ አቮካዶ ስትጨምሩበት ውሃም ምግብም ለሻጋታው እየሰጣችሁት ነው። ከንጹሕ ቅቤ ቀድሞ መበላሸት አለበት እንጂ ስድስት ወር መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም።

የእኔው ግን አልተበላሸም። ከፍቼ መስኮት ላይ አምስት ቀን አስቀመጥኩት። እንደ ቀለም ቅብ አረንጓዴ ነው! ጠርዙ እንኳን አልጠቆረም።

ከዚያ ወዲህ ነገሬን ትቼ መርማሪ ሆንኩ። አንድ ማንኪያ መጥበሻ ላይ አቀለጥኩ። ከላይ ቢጫ ዘይት ተንሳፈፈ፣ ከስር ሙጫ የመሰለ ነገር ቀረ፣ ሽታው የኬክ ቤት ነው። ከስር የቀረው ላይ ከፋርማሲ የገዛሁትን አዮዲን ጠብ አደረግሁበት፤ ወዲያው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጠ። ይህ የስታርች ምልክት ነው፣ ትምህርት ቤት ድንች ላይ የሠራነው ሙከራ። የበሰለ አቮካዶም ቅቤም እንደዚያ አያደርጉም። ዱቄት ገብቶበታል ማለት ነው። (አዮዲን የነካውን እንዳትቀምሱ፣ ጣሉት።) እቃው ላይ 250 ግራም ይላል፤ የሰፈራችን ባለሱቅ ሚዛን ላይ እቃውን ቀንሰን 205 ወጣ። ጎረቤቴ እትዬ በጣታቸው ነክተው ቀመሱና «ይሄማ ማርጋሪን ነው፣ ቀለም ያለበት» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ማርጋሪን መርዝ አይደለም። ማርጋሪን ተብሎ፣ በማርጋሪን ዋጋ ቢሸጥልኝ ቅር አይለኝም ነበር። ያናደደኝ ሌላ ነው። እናቴ ጿሚ ናት። የጾም ነው ብዬ ሁለት ቀን ዳቦዋ ላይ ቀባሁላት። ማርጋሪን ሁሉ ደግሞ የጾም አይደለም፤ አጓት ወይም የወተት ዱቄት የሚገባበት አለ። የዚህኛው እቃ ላይ ምን እንደገባበት አልተጻፈም። የአምራች አድራሻም፣ የተመረተበት ቀንም የለም። አበባ ብቻ ተስሎበታል። ለእናቴ ነገርኳት፣ አማተበችና «በማላውቀው ይቅር ይለኛል» አለች። እኔን ግን ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ገንዘቤን ለማስመለስ ጻፍኩላቸው። «ማሚዬ፣ ፍሬሽ ስለሆነ ነው የማይጠቁረው» የሚል መልስ መጣ። የመጥበሻውን ፎቶ ስልክላቸው ብሎክ ተደረግሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጥሩ ነው። ግን ማንን ልጠይቅ? በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ነው፣ እሱም ላይ ያለው የግለሰብ ስም ነው። የንግድ ደረሰኝ የለኝም፣ ሱቁ የት እንደሆነ አላውቅም፣ ሞተረኛው «እኔ ማድረስ ብቻ ነው» ብሎኛል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ነገር ብትገዙ እንኳን፣ ተመልሳችሁ በሩን ልታንኳኩ ከምትችሉበት ቤት፣ በደረሰኝ ይሁን።

ደግሞ ለምን ትገዛላችሁ? ቤት ውስጥ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ተናድጄ ነው የሠራሁት፣ ግን ወጣልኝ።

አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ አቮካዶ የምገዛው ከጉሊት ነው። ጠንካራውን ግዙና ከሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልላችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት፣ ይበስላል። ክር የበዛበት ከሆነ በወንፊት አጥልሉት። 200 ግራም የገበታ ቅቤ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጣት እስኪያስገባ ድረስ ይለስልስ። ለጋ ቅቤም ይሆናል፣ ግን የራሱ ሽታ ስላለው አቮካዶውን ይውጠዋል። አንድ መካከለኛ አቮካዶ ለብቻው በሹካ አላሙት፤ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ጨው ጨምሩበት። ከዚያ ቅቤው ላይ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ምቱት። ቅቤው ቀዝቃዛ ከሆነ ወይም አቮካዶውን በአንዴ ከገለበጣችሁት ውሃው ይለያል፣ የመጀመሪያዬ እንደዚያ ሆኖብኛል። እኔ ፍሬው የወጣ ቃሪያና የድንብላል ቅጠል ከትፌ እጨምራለሁ። ሚጥሚጣም ይሄዳል።

ነጭ ሽንኩርት የምትወዱ አንድ ነገር አደራ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ስብ ውስጥ ተቀብሮ፣ አየር ሳያገኝ፣ ከፍሪጅ ውጭ ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያመጣው ጀርም ሊራባበት ይችላል። ሽታውም ጣዕሙም አያሳብቅም። ከጨመራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፣ ቶሎም ይበላ።

በፕላስቲክ እንደ ቋሊማ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፣ ሲፈለግ እየቆረጣችሁ ማውጣት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ሦስት ቀን በቂው ነው። ላዩ ትንሽ ከጠቆረ አትደንግጡ፣ እውነተኛ ስለሆነ ነው። ለማንጠር ግን እንዳትሞክሩት! አቮካዶ ኃይለኛ እሳት ሲነካው ይመራል። ትኩስ ቂንጬ ላይ፣ የተጠበሰ ዓሣ ላይ፣ ከእሳት ከወረደ በኋላ ጣል ማድረግ ነው።

ለጾም ደግሞ ቅቤውን ትቼ አቮካዶውን በሎሚ፣ በጨውና በትንሽ የሰሊጥ ዘይት አላምኩላት ለእናቴ። ስሙን ቅቤ አላልኩትም። ወጪውም ቅቤው፣ አቮካዶው፣ ሎሚው ሁሉ ተደምሮ ለሁለቱ እቃ የከፈልኩትን ግማሽ አልሞላም።

ሁለተኛውን እቃ አልጣልኩትም። ክዳኑን ከፍቼ እዚያው መስኮት ላይ፣ ከራሴው ሥራ ቁራጭ ጎን አስቀምጬው ነበር። የእኔው በማግስቱ ጠቆረና በሦስተኛው ቀን ጣልኩት። የእነሱ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ጠዋት አየሁት፣ አሁንም አረንጓዴ ነው።