ደብተሩ ወይስ ከጅዳ የሚላከው ብር? ለአዛውንት ወላጅ የቱ ያዋጣል

«እናትህን በምን ነው የምታሳክማት?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ፒያሳ ቡና ስጠጣ ይጠይቁኛል፣ ሰርግ ላይ ይጠይቁኛል፣ ባለፈው ሮብ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አንዱ ጓደኛዬ ጎትቶ አስቀመጠኝና ጠየቀኝ። ለሁሉም እየደጋገምኩ ከምለፈልፍ አንዴ ልጻፈው። ከወዲሁ ልናገር፦ እኔ የጤና መድህን ደብተሩ ደጋፊ ነኝ። እንከኑን ግን አልደብቅም፤ ብዙ ነው።

ማነጻጸሪያዬ ሁለት እህትማማቾች ናቸው። እማዬ እዚህ ደሴ ናት፣ 71 ዓመቷ ነው። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ የሐረጎን ተራራ ወርዶ ኮምቦልቻ ናት። ሁለቱም ደም ግፊት አለባቸው፤ እማዬ ስኳር ትጨምራለች። እማዬ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ናት፤ በዓመት መዋጮ ከፍላ በደብተሩ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ትታከማለች። አክስቴ ደግሞ ጅዳ ያለው ልጇ «እናቴ ወረፋ አትጠብቅም» ብሎ በየወሩ ብር ይልካል፣ እሷም የግል ክሊኒክ ትሄዳለች። ዓመቱን ሙሉ የሁለቱንም ወጪ በአንድ ማስታወሻ ስጽፍ ከረምኩ። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። ትሳቅ።

የአክስቴ የመጀመሪያ ቀን ደረሰኝ ይኸው፦ ካርድ 250፣ የደም ምርመራ 1,150፣ አልትራሳውንድ 700፣ መድኃኒት 1,480። ድምር 3,580 ብር፣ በአንድ ጠዋት። የግፊት ሰው ለምን አልትራሳውንድ እንደታዘዘለት እስካሁን የነገረን የለም። የእማዬ የዓመት መዋጮ ከዚያች ጠዋት ሂሳብ ያንሳል። መዋጮው እንደ ከተማውና እንደ ቤተሰቡ ብዛት ይለያያል፣ ይከለሳልም፤ ስለዚህ የእኛን ቁጥር ይዛችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ እንዳትጣሉ ብዬ አልጻፍኩትም።

ዓመቱ ሲዘጋ አክስቴ መድኃኒት ብቻ 17,760 ብር፣ ካርድና ምርመራ 5,900 ብር፣ በጠቅላላው 23,660 ብር ወጥቶባታል። እማዬ ከመዋጮው ውጪ ከኪሷ የወጣው 3,910 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 2,560ው ለአራት ወር ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም ያጣነው መድኃኒት ነው፣ 900ው በደብተሩ ሳይሸፈን የተሠራ ምርመራ፣ የቀረው 450 የባጃጅ።

እዚህ ላይ «ታዲያ ደብተር ይዛ ለምን መድኃኒት ገዛች?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የደብተሩ ትልቁ በሽታ ይኼ ነው። ሐኪሙ ይጽፋል፣ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ትደርሳላችሁ፣ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይላችኋል። መጀመሪያ ጊዜ ተናድጄ ወረቀቱን ልቀድደው ነበር። በኋላ የገባኝ፣ ደብተሩን ብቻ ይዞ መቀመጥ እንደማያዋጣ ነው። በየወሩ ትንሽ ብር ለብቻ አስቀምጡ፣ መድኃኒት ሲጠፋ ከዚያ ግዙ። ስትገዙም ሐኪሙን በሳጥኑ ስም ሳይሆን በመድኃኒቱ ስም እንዲጽፍላችሁ ለምኑት። አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት በየትኛውም ሳጥን ያው አምሎዲፒን ነው፤ እማዬ ከውጭ የገዛችው በወር 640 ሲወጣ አክስቴ በሚያምር ሳጥን ታሽጎ 1,480 ትከፍልበት ነበር። ሐኪም ሳታማክሩ ግን አትቀይሩ፣ በኋላ እኔን እንዳትረግሙኝ።

ሁለተኛው ጣጣ ሪፈር ነው። በደብተር የሚታከም ሰው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፣ ከዚያ ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። እማዬ አንድ ቀን እግሯ አብጦ ደነገጥን፣ ጤና ጣቢያውን ዘለን በኮንትራት ባጃጅ በቀጥታ ሆስፒታል ገባን። ሪፈር ስላልያዝን እንደ ማንኛውም ከፋይ ሆንን። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደን የተጻፈልን ወረቀት ባለፈው ቀን ለወጣው ብር አልሠራም። ነፍስ የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በስተቀር፣ ወረፋው ቢያሰለችም፣ በጠዋት ተነስታችሁ ከታች ጀምሩ። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ከደብተሩ አትጠብቁ፣ እነዚህ አይሸፈኑም።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። ሲያማችሁ ሄዳችሁ የምትመዘገቡበት አይደለም። ምዝገባውና እድሳቱ ወቅት አለው፣ ብዙ ጊዜ አዝመራ ከገባ በኋላ። ጎረቤታችን ያሉ አንድ አባት እድሳቱ ሁለት ሳምንት አለፋቸው፣ ዓመቱን በኪሳቸው ታከሙ። አዲስ ገቢም ከፍሎ ደብተሩ እስኪጸና ትንሽ ይጠብቃል።

እኔ ራሴ ደመወዝተኛ ስለሆንኩ እማዬ በራሷ ቤት፣ እንደ አንድ አባወራ፣ ነው የተመዘገበችው። ከአርሶ አደር ወይም ከነጋዴ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ደግሞ ተጨማሪ እየተከፈለ ከእሱ ቤተሰብ ጋር ይካተታሉ። ሁለቱንም አስልታችሁ ርካሹን ምረጡ። ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ መክፈል የማይችሉትን ቀበሌው ይመለምላል፣ የእነሱን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ጧሪ የሌላቸው እናት አጠገባችሁ ካሉ መጀመሪያ ይህን በር አንኳኩላቸው። በ2009 ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ነበረው፤ አሁንም መኖሩን ጠይቁ።

መድህኑ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው አለ። እዚሁ አጠገባችን፣ ሐይቅ፣ ተሁለደሬ ወረዳ ነው በ2003 ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ። ያኔ በክልላችን መዋጮው ለአንድ ሰው በወር 3 ብር፣ በዓመት 36 ብር ነበር። ዛሬ 36 ብር ይዛችሁ ውጡና የምትገዙትን ንገሩኝ።

አሁን ወደ ተቃጠልኩበት ልምጣ። አምና አንድ የግል ክሊኒክ «የቤተሰብ ካርድ» ብሎ 2,500 ብር አስከፈለን፣ 20 በመቶ ቅናሽ አለው ተባለ። አክስቴ በደስታ ገዛች፣ እኔም አልከለከልኳትም፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ሳይ ቅናሹ በካርድ ማውጫው ላይ ብቻ ነው። ከ250 ላይ 50 ብር! 2,500ዋን ለማስመለስ ሃምሳ ጊዜ መታመም ነበረባት። ምርመራና መድኃኒቱ ላይ ሰባራ ሳንቲም አልቀነሱም።

ሌላው ጉድ የግፊት መለኪያ ነው። «ቤት ውስጥ ትለካ» ብዬ ከአንድ ሱቅ በ2,200 ብር ገዛሁላት። ሳጥኑ የጃፓን ይላል፣ የፋብሪካው ስም ግን አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። መሣሪያው 118 በ76 ሲላት አክስቴ ደስ ብሏት ጨው ያለበት ወጥ በላች። በማግስቱ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤት ለቤት ስትዞር ገባች፣ የራሷን አውጥታ ለካቻት፣ 170 በ100። «እማማ፣ ይኼ መሣሪያዎ መጫወቻ ነው» አለቻት። ልጅቷ ሳንቲም አላስከፈለችም። መግዛታችሁ ካልቀረ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዙ፣ የእጅ አንጓውን ተዉት፣ በገዛችሁበት ቀንም ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ከነርሷ መለኪያ ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ደረሰኙ ሳይደርቅ መልሱ።

የግል የመድን ድርጅቶችንስ? አንዱ ቢሮ ገብቼ ጠየቅሁ። ልጁ በጣም ትሁት ነው፣ ሻይ ሊጋብዘኝ ሁሉ ቃጣው። ለድርጅት ሠራተኞች በጅምላ እንጂ ለአንዲት የ71 ዓመት ሴት አንሸጥም አለኝ። አለቀ። ጡረታ ላላቸው ደግሞ ማኅበራዊ ጤና መድህን የሚባል አለ፣ ጡረተኛው 1 በመቶ መንግሥት 1 በመቶ እንዲያዋጡ የታሰበ፣ አዋጁ ከ2002 ጀምሮ ዓመታት ሲንከባለል የኖረ። በእሱ ተስፋ የዘንድሮ ግፊት አይወርድም።

«ቅሬ (እድሩ) እያለን ምን መድህን ያስፈልጋል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ቅሬያችንን አልነካም፤ እማዬ ተኝታ በነበረበት ሰሞን እናቶቹ ተራ ገብተው አጥሚት ያመጡልን ነበር፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል። የቅሬው ብር ግን ለቀብር ነው። ሳጥኑ የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው፣ ላቦራቶሪ ሲታዘዝ አይደለም።

ለግል ክሊኒኩ ፍትሕ ልስጥ። አክስቴ በግማሽ ሰዓት ትወጣለች፣ ወንበር አለ፣ «እትዬ» እየተባለች ትስተናገዳለች። እማዬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጋቢ ተከናንባ በደሴ ብርድ ትሰለፋለች። ይኼ ያንገበግበኛል። ልጅ ያለው ወረፋውን ቀድሞ ይያዝላት፣ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። ድንገት ጥርሷን ቢያማት፣ ወይ ሌሊት ትኩሳት ቢነሳባት፣ እኔም የግል ነው የምወስዳት። በየወሩ ለሚዋጥ መድኃኒት ግን በግል መታከም ብር መበተን ነው።

ሂሳቡን ጅዳ ላለው የአክስቴ ልጅ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ሁለት ቀን ዝም አለ። ከዚያ ደወለና «መዋጮውን እኔ እልካለሁ፣ የቀረውን ለመድኃኒት አስቀምጡላት፣ ወረፋውን ግን አንተ ያዝ» አለኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ ለወረፋ! ጎረቤቷ ያለ ልጅ አግኝተንለታል።

ዘንድሮ ምዝገባው ሳይዘጋ ብለን ትናንት አክስቴን ፎቶ ቤት ወሰድኳት። ነጠላዋን ሦስት ጊዜ አስተካክላ ተነሳች። 4 ጉርድ ፎቶ 120 ብር። እሱንም ጽፌዋለሁ።