ለሰሜን ሸዋ ተራራ የትኛው ደረቅ ስንቅ? የውጭ እሽግ፣ ኑድልስ፣ ድርቆሽና በሶ ሲነጻጸሩ

መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ደጋ ላይ ሁለት ሦስት ሌሊት ለማደር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ድንኳንና ስለ ጫማ ነው። ከአንኮበር ተነስቶ በወፍ ዋሻ ደን በኩል ወደ ደብረ ሲና ለመሄድ ያቀደውም እንደዚያው። ስንቅ መጨረሻ ላይ ይታሰባል። ለጉዞው አንድ ቀን ሲቀር ሱፐርማርኬት ይገባና ዓይን የገባው ሁሉ ይሸመታል። ቦርሳው ከብዶ ሆዱ ግን ሳይጠግብ የሚመለስ መንገደኛ ብዙ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለሰሜን ሸዋ ደጋ ቀን ቀን በሶን፣ ማታ ማታ ድርቆሽን ወይም ሽሮን የሚያሸንፍ ምግብ አለ ብዬ አላምንም። የውጭው እሽግ (በፋብሪካ በስሎና ደርቆ የታሸገው፣ የፈላ ውሃ ብቻ የሚጨመርበት ምግብ) ቦታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ኑድልስም ቢሆን የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ምክንያቴን አንድ በአንድ ላስረዳ።

ሚዛን ብቻውን አይበቃም

አብዛኛው ሰው ደረቅ ስንቅ ሲመርጥ የሚያየው ክብደቱን ነው። ልክ ነው፣ ክብደት ዋና ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ቦርሳ ተሸክሞ የሚወጣና የሚወርድ ሰው በቀን ከ2,500 እስከ 3,500 ካሎሪ ሊፈልግ ይችላል። ይህን በደረቅ ምግብ ለመሙላት በቀን ከ600 እስከ 800 ግራም መያዝ ያስፈልጋል።

ከክብደቱ እኩል የሚታይ ሌላ ነገር አለ፤ ምግቡ የሚጠይቀው ውሃና እሳት። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ እዚያ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ወይም 89 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ድስቱ ይንተከተካል፤ ግን አዲስ አበባ ላይ ከሚፈላው እንኳ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሽንብራና ባቄላ በዚህ ውሃ ቶሎ አይበስልም። ድፍን ምስርም ጋዛችሁን ይጨርሳል። ፓስታም ከተጻፈበት ደቂቃ በላይ ይቆያል።

ማገዶ እዚያው ይገኛል ብላችሁም አትሂዱ። ጓሳን የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው። ሣሩም ቁጥቋጦውም ባለቤት አለው። ለአንድ ማታ ሻይ ተብሎ የአስታ ቁጥቋጦ መቁረጥ ነውር ነው።

የውጭው እሽግ

ይህ ማውንቴን ሃውስን በመሳሰሉ ኩባንያዎች የሚመረተው ነው። ምግቡ መጀመሪያ ይበስላል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻም በውስጡ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ እንዲተን ይደረጋል። ውሃው ሲወጣ ቅርጹ ስለማይጨማደድ ኋላ የፈላ ውሃ ሲያገኝ ቶሎ ይመለሳል። እሽጉን ትከፍታላችሁ፣ ውሃ ትጨምራላችሁ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ትጠብቃላችሁ፣ ከእሽጉ ትበላላችሁ። የሚታጠብ ድስት የለም። ደክሟችሁ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሳይከፈት ለዓመታት ይቀመጣል።

አሁን ወደ ድክመቱ። አንደኛ፣ አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ነው። ለአንዱ እሽግ የሚወጣው ገንዘብ እዚህ የበርካታ ቀን ስንቅ ይገዛል። ሁለተኛ፣ እሽጉ ላይ «ለሁለት ሰው» ተብሎ ቢጻፍም ሲራመድ ለዋለ ሰው ለአንዱም በግድ ነው። የሚገዛ ሰው ሥዕሉን ትቶ ጀርባው ላይ ያለውን ጠቅላላ ካሎሪ ይይ። ሦስተኛ፣ አሥር ደቂቃ የተባለው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። አምራቾቹ ራሳቸው ከፍታ ሲጨምር ጊዜውን አርዝሙ ይላሉ። ጓሳ ላይ እሽጉን በጋቢ ጠቅልላችሁ ሃያ ደቂቃ ብታቆዩት ይሻላል። አለበለዚያ መሐሉ ላይ የሚንኮሻኮሽ ሥጋ ታገኛላችሁ።

አራተኛው ለእኛ ሰው ከሁሉም ይበልጣል። ከእነዚህ ምግቦች ብዙዎቹ የበሬ ወይም የዶሮ ሥጋ፣ የወተት ዱቄት ወይም አይብ አለባቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚበላው ሥጋ በማን እንደታረደ ማወቅ ይፈልጋል። ጿሚ ደግሞ የወተት ዱቄቷን ሳያስተውል ሊበላት ይችላል። አስመጪ ዘመድ ካላችሁ ሥጋም ወተትም የሌለበትን፣ የሩዝና የባቄላ ዓይነቱን እንዲያመጣላችሁ ንገሩት። ለማንኛውም እንግዳ ማቅረብ ይቻላል።

ኑድልስ፣ ፓስታ፣ አጃ

ኑድልስ (ብዙ ሰው ኢንዶሚ ብሎ የሚጠራው) በየሱቁ አለ። ሲሠራ በዘይት ስለሚጠበስ በ100 ግራም ወደ 450 ካሎሪ ይሰጣል፤ ይህ ጥሩ ነው። ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃዋል። ችግሩ ሆድ ላይ አይቆይም። ፕሮቲኑ ትንሽ፣ ጨው ደግሞ ብዙ ነው። ማታ በልታችሁ ሌሊት ላይ ውሃ ጥም ይቀሰቅሳችኋል፤ በዚያ ብርድ ከድንኳን መውጣት ደግሞ ማንም አይወድም። ከወሰዳችሁት የቅመሙን ግማሽ ብቻ ጨምሩ፣ የተፈረፈረ ቋንጣ ወይም የተፈጨ ለውዝ አክሉበት።

ፓስታን ቤት ተዉት። ብዙ ውሃና ብዙ ጋዝ ይበላል። አጃ ለቁርስ መልካም ነው፣ በተለይ ደቃቁ። ግን በሶ እያለ አጃ የምገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ሽሮ

እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ቆራርሰን ፀሐይ ላይ ስናሰጣው ይህን ሁሉ ውሃ ከጀርባችን ላይ አወረድን ማለት ነው። በዚያ ላይ የበሰለ ምግብ ነው። ትኩስ መረቅ ሲነካው ወዲያው ይለሰልሳል። የውጭው እሽግ በፋብሪካ የሚያደርገውን ድርቆሽ በቤታችን ሰፌድ ላይ ያደርገዋል።

ስትገዙ ወይም ስታዘጋጁ አንድ ነገር ፈትሹ። ሲሰበር «ቀጭ» ማለት አለበት። ከታጠፈ አልደረቀም፤ በሁለተኛው ቀን ቦርሳ ውስጥ ይሻግታል። ክረምት ላይ በፀሐይ ማድረቅ ስለማይሆን በጋ ላይ ደርቆ ውሃ በማይገባው ዕቃ የተቀመጠውን ያዙ። ሌላው ጉድለቱ ቦታ መያዙ ነው። ክብደቱ ትንሽ ቢሆንም ቦርሳ ይሞላል፤ ሲጫን ደግሞ ይደቃል። ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ መያዝ ይረዳል። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ከሆነ ግሉተን የማይስማማው ሰው ሊበላው ይችላል፤ ገብስ ወይም ስንዴ እንዳልተቀላቀለበት ግን ጠይቁ።

ማባያው ላይ ሽንኩርት ተሸክማችሁ አትውጡ። ድልህ በትንሽ ብልቃጥ ያዙ። ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ ታግላላችሁ፣ አንድ ማንኪያ ድልህ ትጨምራላችሁ፣ ሁለት ኩባያ ውሃ ታክላላችሁ። ሲፈላ ድርቆሹን ትጨምሩና እሳቱን ታጠፋላችሁ። ክዳኑ ሥር ራሱን ይጨርሳል። ለአንድ ሰው ከ100 እስከ 120 ግራም ድርቆሽ ይበቃል።

ቋንጣ ከተጨመረ ፍርፍሩ ሌላ ነገር ነው። ጥሬ ሥጋ ሲደርቅ ክብደቱ ወደ ሲሶው ይወርዳል፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። በስሱ የተዘለዘለውንና እስከ ውስጡ የደረቀውን ምረጡ። ወፍራሙ ከላይ ደርቆ መሐሉ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ቤት እያላችሁ በሙቀጫ ፈረፍ ፈረፍ አድርጉት፤ ተራራ ላይ ከድንጋይ ፍለጋ ትድናላችሁ።

ምጥን ሽሮ ከሁሉ ርካሹ የማታ ምግብ ነው። ጥሬው ተቆልቶና ተፈጭቶ ስላለቀ ሙሉ ባቄላና ሽንብራ የሚቸገሩበት ከፍታ እሱን አያስቸግረውም። ለአንድ ሰው 60 ግራም ያህል ይበቃል። ግን ከድርቆሽ ይልቅ እሳት ላይ ይቆያል፤ ማማሰልም ይፈልጋል። ሁለት ሌሊት ለሚያድር ሰው አንዱን ማታ ሽሮ፣ አንዱን ማታ ድርቆሽ ማድረግ ጥሩ ነው።

በሶ

በሶን ከውጭው እሽግ ጎን አስቀምጠን እንመዝነው። 100 ግራም በሶ ወደ 350 ካሎሪ አለው። 30 ግራም ንጥር ቅቤ ሲታሽበት ወደ 260 ይጨመራል። በድምሩ 130 ግራም የሚመዝን፣ ከ600 ካሎሪ በላይ የሆነ ምግብ በእጃችሁ ገባ። ብዙው የውጭ እሽግ በተመሳሳይ ክብደት ከዚህ አይበልጥም። በሶ ደግሞ እሳት አይጠይቅም። ውሃ አይፈላለትም። ነፋስ ሲነፍስ፣ ዝናብ ሲይዝ፣ ጋዝ ሲያልቅ ይበላል። ይህን ሌላው ሁሉ ማድረግ አይችልም።

የሚያዘው በሦስት መንገድ ነው። ደረቁን ዱቄት ይዞ በጨውና በውሃ ጭብጦ ማድረግ አንዱ ነው። ሁለተኛው በማርና በውሃ መበጥበጥ ነው፤ ረፋድ ላይ ዳገት ስትወጡ ብጥብጡን የሚያህል የለም። ሦስተኛው ቤት እያሉ በቅመም ቅቤ አሽቶ እንደ ጭኮ መያዝ ነው። እኔ የማደላው ለዚህኛው ነው። ለሳምንታት አይበላሽም፣ በቢላ ተቆርጦ ይታደላል። የጓሳ ብርድ ቅቤውን ስለሚያረጋው ቦርሳ ውስጥ አይፈስም። ቆላ ለሚወርዱ ግን ይህ አይሠራም፤ ዱቄቱንና ቅቤውን ለየብቻ ያዙ።

በሶ ስትገዙ ቅመሱ። ገብሱ በደንብ ካልተቆላ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል። ሽታው የተቆላ እህል ሽታ መሆን አለበት፤ የሻገተ ወይም የአሮጌ ዘይት ሽታ ካለው ተዉት። መንዝና ጣርማበር የገብስ አገር ናቸው። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ገብሱን መርጦ፣ አስቆልቶ፣ አስፈጭቶ መሄድ የሚችል ሰው ይህን ያድርግ። አዲስ አበባ ላይ ታሽጎ ከሚሸጠው ጋር ጣዕሙ አይገናኝም።

ጉድለቱስ? ደረቁን አፍ ላይ ካደረጉት ያንቃል፤ ውሃ የግድ ነው። ውሃው ደግሞ የታከመ ይሁን፤ ስለማይፈላ እንዲሁ ከምንጭ ቀድታችሁ አትበጥብጡበት። ግሉተን አለበት። ሦስት ቀን በተከታታይ በሶ ብቻ መብላትም ይሰለቻል፤ ለዚህ ነው ማታውን ለድርቆሽና ለሽሮ የሰጠሁት። ጎን ለጎን የገብስና የሽንብራ ቆሎ ከለውዝ ጋር ይኑራችሁ። ለውዝ በ100 ግራም ከ550 ካሎሪ በላይ ነው።

የጾም ጉዳይ

ለሰሜን ሸዋ ተራራ የሚመረጠው ወቅት ከዝናቡ በኋላ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል። ግን ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል። ስለዚህ ቅቤና ቋንጣ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ለብዙ መንገደኛ በምርጡ ወቅት አይሠራም። ረቡዕና ዓርብም አሉ።

ጿሚ ከሆናችሁ ቅቤውን በዘይት ወይም በተፈጨ ለውዝ ተኩት። በሶ በለውዝ ቅቤና በማር ታሽቶ ኃይሉ አይቀንስም። የተልባና የሱፍ ዱቄት ይጨመርበት። ሽሮና የጾም ፍርፍር እንዳሉ ናቸው። ሥጋ ወይም ወተት ያለበት የውጭ እሽግ ግን በዚህ ወቅት ከውድድሩ ይወጣል። ኑድልስም ቢሆን የቅመሙ ከረጢት ውስጥ የዶሮ ወይም የወተት ነገር እንዳለበት ማንበብ ያስፈልጋል።

የጋዙን ነገር

ምግቡን ስትመርጡ ጋዙንም አብራችሁ ምረጡ። ትንሹ ቆርቆሮ ጋዝ ቡቴን ብቻ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ መትነን ይደክመዋል። ጓሳ ላይ በበጋ ሌሊት ውርጭ የተለመደ ነው። ንጋት ላይ ምድጃው ሳይሞት የሚሞት ይመስላል። ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ፈልጉ፤ ካልተገኘ ቆርቆሮውን ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ አብራችሁ አሳድሩ። ቁርሱን በሶ ማድረግ ይህን ጭንቀት ያስቀረዋል።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ብቻውን፣ በፍጥነት፣ ያለ ምድጃ ለሚሄድ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ማር። በቃ።

በቡድን ሆኖ ማታ ማታ አብሮ ለሚቀመጥ፦ ቀን በሶ፣ ማታ ድርቆሽና ሽሮ። ለሦስት ቀን ለአንድ ሰው 700 ግራም በሶ፣ 250 ግራም ድርቆሽ፣ 120 ግራም ሽሮ፣ 300 ግራም ቅቤ ወይም ዘይት፣ ግማሽ ኪሎ ቆሎና ለውዝ፣ ትንሽ ማር፣ ጾም ካልሆነ 100 ግራም ቋንጣ። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው።

እንጀራ ያልለመደ እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ ወይም አምሽታችሁ በዝናብ ትደርሳላችሁ ብላችሁ ከሠጋችሁ፦ ለመጀመሪያዋ ማታ ብቻ አንድ አንድ የውጭ እሽግ፣ እሱ ከሌለ ኑድልስ።

የትኛውንም ብትመርጡ ማታ ሁሉንም ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ክተቱ። ጓሳ የአይጥ አገር ነው፤ ቀይ ቀበሮው የሚኖረው በእነሱ ነው። በሶ በጨርቅ ከረጢት ድንኳን ጥግ ከተቀመጠ ሌሊቱን ይበሱታል። ፍርፋሪም አትጣሉ፤ ጭላዳ ከሰው እጅ መብላት መልመድ የለበትም። ባዶ እሽጉንም ይዛችሁ ተመለሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።