ከጎንደር ስሜን የአንድ ቀን ጉብኝት፦ ጭላዳው ሙሉ፣ ማብራሪያው ጎዶሎ

ማለዳ ከጎንደር አውጥቶ ማታ የሚመልሰው ጥቅል መኪናን፣ የፓርክ መግቢያን፣ ስካውትን (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) እና ምሳን ይሸፍናል። ሣር በሉን ጦጣ ጭላዳን በቅርብ ለማየት ይበቃል።

ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትኬትና ስካውት የሚያዘውም እዚያ ስለሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ይሻላል። ጭላዳ ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ጠዋት ፓርኩ ውስጥ ካለው ቡይት ራስ የደረሰ መንጋውን ግጦሽ ላይ ያገኘዋል።

ፎቶ ከማንሳት በፊት የጭላዳውን እጅ ማየት ነው። ተቀምጦ ሣሩን በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ ቆንጥሮ ይነቅላል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። አመልካች ጣቱ አጭር ስለሆነ ከአውራ ጣቱ ጋር ጫፍ ለጫፍ ይገጥማል። ሣር ጥርስ ይፈጃል፤ የጭላዳ መንጋጋ ጥርስም ለዚያ የሚሆን ቁመት አለው።

አስጎብኚው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ «ሣር ለመንቀል ብሎ ጣቱን አሳጠረ» ይላል። ማንም እንስሳ ፈልጎ ጣቱን አያሳጥርም። ጣታቸው በተፈጥሮ አጠር ያሉት ከሌሎቹ የተሻለ ለቀሙ፣ ብዙ ልጅ አሳደጉ፣ ልጆቹም ያንኑ ጣት ወረሱ፤ ይህ በሺዎች ትውልድ ሲደጋገም የዛሬው እጅ መጣ። «ያው ዝንጀሮ ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። ጭላዳ የዝንጀሮ ዘመድ ቢሆንም የራሱ ወገን የመጨረሻ ትራፊ ነው፤ የጠፉት የወገኑ ቅሪቶች ሉሲ በተገኘችበት በሐዳር ሳይቀር ተቆፍረው ወጥተዋል።

ትልቁ ጉድለት መኪናው ሳንቃበር ከሚባለው የፓርኩ ካምፕ ላይ መመለሱ ነው። ዋልያና ጅባራ የተባለው ግዙፍ የደጋ ተክል በደንብ የሚታዩት ከዚያ አልፎ፣ 3,600 ሜትር ግድም ላይ ባለው የጨነቅ ካምፕ ነው። ጅባራ ደግሞ ቀን ብቻ ከታየ ግማሹ ቀረ። ማታ ቅጠሎቹን ሰብስቦ መሐል ያለውን ለጋ ቡቃያ ከውርጭ ይሸፍናል፤ ለዓመታት አድጎ አንዴ አብቦ ይሞታል።

ስለዚህ ተጨማሪ ከፍሎ ጨነቅ ማደር ያዋጣል። የሚከራየውን የመኝታ ከረጢት ዚፕ ጎንደር ሳሉ ከፍቶ መዝጋት ግድ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ላይ ሲበላሽ መላ የለውም። የመንገዱን ሰላምም ሳያጣሩ ገንዘብ አይከፈልም። ንጋት ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ከድንኳን የወጣ ጅባራውን እንደተዘጋ ያገኘዋል።