ካነን 70-200 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ስሪት፦ ለፖርትሬት ሲገዛና ሲሠራበት

የካነን ኢኤፍ 70-200 ሚ.ሜ. ኤፍ 2.8 ኤል አይኤስ ሌንስ ሁለተኛው ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በ2018 የመጣው ሦስተኛው ስሪት የመስታወቱን ቅብ ቢያሻሽልም የውስጥ አሠራሩ ያው ስለሆነ፣ ያገለገለ ሌንስ ለሚፈልግ ባለሙያ ሁለተኛው ዛሬም አያሳፍርም። ሆኖም ገዝተው ጥቂት ከሠሩበት በኋላ «ሶፍት ነው (ጥርት አይልም)፣ ፎከስ አይዝም» ብለው መልሰው የሚሸጡት ብዙ ናቸው። ጤነኛ ከሆነ ይህ ሌንስ 200 ሚ.ሜ. ላይ ገና በኤፍ 2.8 (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል) የቅንድብን ፀጉር አንድ በአንድ ያወጣል። ዓይኑ ብዥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ መስታወቱ ጋ አይደለም፤ ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ ከሚገመተው በላይ ስስ መሆኑ ነው።

በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ ከ3 ሜትር ርቀት፣ በ200 ሚ.ሜ. እና በኤፍ 2.8 ጭንቅላትና ትከሻ ስታነሱ፣ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት የሚለው 3.5 ሴ.ሜ. ገደማ ብቻ ነው። ወደ 2 ሜትር ጠጋ ካላችሁ 1.5 ሴ.ሜ. ይቀራል። በ3 ሜትር ኤፍ 4 ብታደርጉት 5 ሴ.ሜ.፣ ኤፍ 5.6 ብታደርጉት ደግሞ 7 ሴ.ሜ. ያህል ታገኛላችሁ። አሁን ይህን ከሰው ፊት ጋር አስተያዩት። ከአንዱ ብሌን እስከ ሌላው 6 ሴ.ሜ. ያህል አለ፤ ሰውየው ፊቱን 45 ዲግሪ ሲያዞር የሩቁ ዓይን ከቅርቡ 4 ሴ.ሜ. ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ በኤፍ 2.8 ሁለቱም ዓይን ጥርት እንዲል መጠበቅ ከንቱ ነው። ፎከሱን ለካሜራው ቅርብ በሆነው ዓይን ላይ አድርጉ፤ ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ኤፍ 5.6 ግቡ። ሙሽሮችን ጎን ለጎን አቁማችሁ ስታነሱም እንደዚሁ ነው፤ ሁለት ፊት በአንድ መስመር ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ኋላው ሟሙቶ እንዲታይ ሁሌም ኤፍ 2.8 አያስፈልግም፤ ሰውየውን ከግድግዳው ወይም ከዛፉ 5 እና 6 ሜትር ብታርቁት 200 ሚ.ሜ. ራሱ ሥራውን ይሠራዋል።

ሁለተኛው ነገር እንቅስቃሴ ነው። ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ሳያውቀው ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል፤ ካሜራ የያዘውም እንዲሁ። በዋን ሻት (ፎከሱ አንዴ ተይዞ በሚቆለፍበት ዘዴ) ፎከስ ይዛችሁ፣ ፍሬሙን አስተካክላችሁ እስክትጫኑ ድረስ 2 ሴ.ሜ. ከተንቀሳቀሳችሁ ዓይኑ አመለጠ፣ ጆሮው ጥርት አለ። «ፎከስ ይዞ ፍሬም ማዞር ኃጢአት ነው» የሚባለው ለዚህ ሌንስ በጥቂቱ የተጋነነ ነው። በ3 ሜትር ርቀት ነጥቡን 12 ሴ.ሜ. ብታዞሩት በማዕዘኑ ምክንያት የሚመጣው ስህተት 2 እና 3 ሚሊሜትር አይበልጥም። የሚጎዳው በመሃል የሚባክነው ጊዜ ነው። ስለዚህ ለቆመ ሰው ኤአይ ሰርቮ (ፎከሱ ሳያቋርጥ የሚከተልበትን ዘዴ) አድርጉ፣ ፎከሱን ከሻተሩ ነጥላችሁ ከካሜራው ጀርባ ላለው ኤኤፍ-ኦን ቁልፍ ስጡት፣ አንዱን ነጥብ ዓይኑ ላይ አሳርፋችሁ ጣታችሁን ሳታነሱ ተኩሱ። በካነን 6ዲ እና በ5ዲ ማርክ 2 ካሜራዎች ግን ክሮስ (አግድምም ቁልቁልም የሚያነብ) የሆነው ነጥብ የመሃሉ ብቻ ስለሆነ፣ ብርሃን ሲያንስ የዳር ነጥቦቹን አታምኑ፤ እዚያ በመሃሉ ይዞ ቶሎ ማዞር ይሻላል። 5ዲ ማርክ 3 ላይ ከ61 ነጥቦች 41ዱ ክሮስ በመሆናቸው ይህ ጭንቀት የለም።

የሀገር ልብስ የሚያነሱ ባለሙያዎች ደግሞ አንድ የተለየ ወጥመድ አለባቸው። ነጠላ የተከናነበች ሴት ስታነሱ ጥለቱ ከዓይኗ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀድሞ ይመጣል። የፎከስ ዳሳሹ በመመልከቻው ውስጥ ከሚታየው ትንሽ ሳጥን ሰፋ ያለ ቦታ ያነባል፤ የጥለቱ ወርቃማ ክርም ከቆዳውና ከብሌኑ የበለጠ ደማቅ ልዩነት ስላለው ካሜራው እሱን ይይዛል። ፎቶው ሲሰፋ ክሩ ተቆጥሮ ይታያል፣ ዓይኑ ግን እንደ ጭጋግ። መፍትሔው ትንሹን ስፖት ነጥብ መምረጥ፣ ጥለቱን ከግንባሩ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ መግፋት፣ ወይም ኤፍ 4 መግባት ነው። ተለጥፎ ለሚጨመር ሽፋሽፍትም ያው ነው፤ ነጥቡ የብሌኑ ጠርዝ ላይ ይረፍ።

የእጅን መንቀጥቀጥ የሚቀንሰው አይኤስ እስከ 4 ስቶፕ (የብርሃን ደረጃ) ያግዛል፤ የሰውየውን መንቀሳቀስ ግን አያቆምም። ስለዚህ በ1/60 ሰከንድ የሻተር ፍጥነት ላይ ግድግዳው ጥርት ብሎ ፊቱ ቢደበዝዝ አይግረማችሁ። ለፖርትሬት ከ1/250 አትውረዱ፤ ሕፃን ከሆነ 1/500። አይኤሱ እንዲረጋ የሻተሩን ቁልፍ በግማሽ ተጭናችሁ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቁ። አይኤሶውን (የካሜራውን ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከፍ ማድረግ ብዙዎች ይፈራሉ፤ ግሬይን (ፎቶው ላይ የሚታይ ነጠብጣብ) ከብዥታ መቶ እጅ ይሻላል።

እንዲህ ሁሉ አድርጋችሁ ፎከሱ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከሳተ፣ ያኔ ማይክሮ አጀስትመንት (ካሜራው ውስጥ ያለው ጥቃቅን የፎከስ ማስተካከያ) ያስፈልጋል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስሩ፣ አይኤስ አጥፉ፣ ጽሑፍ ያለበት ጠፍጣፋ ነገር 5 ሜትር ላይ ፊት ለፊት አቁሙ፣ በኤፍ 2.8 አንሱ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት የፎከሱን ቀለበት ወደ ኢንፊኒቲ መልሱት። አንዱን በመመልከቻው፣ ሌላውን በላይቭ ቪው (የጀርባ ስክሪኑን እያያችሁ) አንስታችሁ አስተያዩ፤ የላይቭ ቪው ፎቶ ከበለጠ ማስተካከያ አለ ማለት ነው። ማይነስ ፎከሱን ወደ ካሜራው ያመጣዋል፣ ፕላስ ያርቀዋል፤ መለኪያው እስከ 20 ይደርሳል። 5ዲ ማርክ 3 እና 6ዲ ለ70ውና ለ200ው ለየብቻ ቁጥር ይቀበላሉ፤ 5ዲ ማርክ 2 አንድ ቁጥር ብቻ ስለሚይዝ ለ200ው አስተካክሉት።

በአዳፕተር የካነን ሚረርለስ ካሜራ በሆነው ኢኦኤስ አር 6 ላይ ሲገጠም ሌንሱ እንደገና ወጣት ይሆናል። ፎከሱ የሚነበበው ፎቶውን በሚያነሳው ሴንሰር ራሱ ላይ ስለሆነ ማስተካከያው አያስፈልግም፤ ካሜራውም ዓይንን ፈልጎ ይከተላል። ለእነዚህ ካሜራዎች ለተሠራው አርኤፍ 70-200 ገንዘብ የሚያንሰው ሰው መጀመሪያ ካሜራውን ቢቀይር ይሻለዋል ባይ ነን። የሚቀረው ክብደቱ ነው፦ ይህኛው 1490 ግራም፣ የ2019ኙ አርኤፍ ግን 1070 ግራም። ሙሉ ቀን ሰርግ ላይ ለሚውል ክንድ ልዩነቱ ይሰማል።

ያገለገለውን ስትገዙ የስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ ሻጋታ ፈልጉ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ተዉት። የፊት መስታወቱ ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ፎቶ ላይ እምብዛም አይታይም፤ የነጭ ቀለሙ መላጥም እንዲሁ። የሚያሳስበው 200 ሚ.ሜ. ላይ በኤፍ 2.8 አንስታችሁ የፎቶው አንዱ ጎን ከሌላው ሲደበዝዝ ነው፤ ያ የወደቀ ሌንስ ምልክት ነው። የፎከስ ርቀት መወሰኛውን ማብሪያም እዩ፤ 2.5 ሜትር ላይ ተቀምጦ ከሆነ ከዚያ ቀርባችሁ ስታነሱ ፎከስ አይዝም፣ ሻጩም ባላወቀው ነገር «ተበላሽቷል» ብሎ በርካሽ ሊሸጥላችሁ ይችላል። ርካሽ 77 ሚ.ሜ. ፊልተር ተገጥሞበት ካገኛችሁት ደግሞ አውልቃችሁ ሞክሩት፤ በረጅሙ ጫፍ ላይ ሌንሱን ሶፍት የሚያስመስለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።